እትዬ በለጡና ሰባቱ ግቢዎች

እትዬ በለጡ ማረፋቸውን የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስንወርድ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ዘወር ብላ ትክ ብላ አየችኝና የቀበሌዋ ጸሐፊ አይደለሽም ወይ አለችኝ። ያንን ሥራ ከተውኩ ብዙ ዘመን ቢሆነኝም ነኝ አልኳት። በዚያ ቀበሌ ይኖሩ የነበሩት የወይዘሮ ፋንታዬ ትንሿ ልጅ ናት፤ ያኔ የወተት ጥርሷን እንኳ ያልነቀለች ሕፃን ነበረች። እትዬ በለጡን ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው አለችኝ። ከዚያ ልታጽናናኝ ፈልጋ መሰለኝ፣ ለቅሶው ላይ የሮብ ግቢና የሐሙስ ግቢ ሰዎች ድንኳኑን ማን ይትከል፣ ማን ይንቀል ብለው ተጣልተው እንደነበር ነገረችኝ። ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ወያላው ሒሳብ ሊቀበለን የዘረጋውን እጁን መልሶ ሰበሰበ።

የሮብ ግቢና የሐሙስ ግቢ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ብዙ የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ዶሮ ማነቂያ አጠገብ ባለ ቀበሌ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የማይሰበሰቡበት ጉዳይ አልነበረም። ልማት የሚለውን ቃል ከመደጋገሜ የተነሳ ብዕሬ እኔን ሳይጠብቅ በራሱ የሚጽፈው ይመስለኝ ነበር። በሊቀመንበራችን በጓድ ሽፈራው ቢሮ ግድግዳ ላይ የአገሪቱን የአሥር ዓመት ዕቅድ የሚያሳይ ትልቅ ገበታ ተለጥፏል። በገበታው ላይ ያሉት ቀስቶች ሁሉ ወደ ላይ ያመለክታሉ። ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ ቦኖው ይታያል። እሱ ተሰብሯል።

ቦኖው ለሰባት ግቢ ነዋሪ የተተከለ አንድ የሕዝብ ቧንቧ ነው። ሲመረቅ ሪባን ተቆርጧል፣ ተጨብጭቧል፣ እኔም ሦስት ገጽ ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው እጀታው ተገነጠለ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመና የአድኃሪያን ሻጥር ነው ብሎ ደመደመ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር፤ ሁሉም ሰው ቧንቧውን የሚዘጋው የጎረቤቱን አንገት እንደሚያንቅ ሰው እየተናነቀ ነው። በብዙ ደብዳቤ ተጠገነ፤ ተሰበረ። እንደገና ተጠገነ፤ እንደገና ተሰበረ። በሦስተኛው ጊዜ ጓድ ሽፈራው ራሳቸው ደከሙ። ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው ወደ ጎረቤት ቀበሌ መሄድ ጀመሩ፤ እዚያም ውሃ ሳይሆን ስድብ ቀድተው የሚመለሱበት ቀን ብዙ ነበር።

እትዬ በለጡ ቢሮ የገቡት ያኔ ነው። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ የፊት ጥርሳቸው አንዱ የወርቅ፣ ክረምት ከበጋ የወንድ ካፖርት የሚለብሱ ሴት ነበሩ። ከአብዮቱ በፊት ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ቡና ቤት ነበራቸው። ቤቱ በአዋጅ ሲወረስ የቀሯቸው አንዲት ክፍልና አንድ የቢራ ሳጥን ናቸው። ክፍሏ ውስጥ ይተኛሉ፣ ሳጥኑ ላይ ይቀመጣሉ። ስለተወረሰው ቤታቸው ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም።

"ጓድ ሽፈራው፣ ቦኖውን ለእኔ ይስጡኝ" አሉ፤ እንደ ሰላምታ።

ጓድ ሽፈራው ክፉ ሰው አልነበሩም። ከሊቀመንበርነታቸው በፊት ልብስ ሰፊ ስለነበሩ ሰው ሲያነጋግሩ ዓይናቸው ትከሻ ይለካል። የእትዬ በለጡን ካፖርት ለክተው ሲጨርሱ፣ ቦኖው የሰፊው ሕዝብ ንብረት መሆኑንና ለግለሰብ ሊሰጥ እንደማይችል በትዕግሥት አስረዱ።

"እንግዲያው ሰፊውን ሕዝብ ይጥሩልኝና እሱን ልለምነው" አሉ እትዬ በለጡ። "እጀታው የተገነጠለ ቀን የማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ እኮ አንድም ሰው አልመጣም።"

ጓድ ሽፈራው እኔን አዩኝ። እኔ ወረቀቴን አየሁ። ከዚያ እስቲ ምን ሊያደርጉት ነው ብለው ጠየቁ። እትዬ በለጡ ዝርዝር ውስጥ አልገቡም። "እኔ ሃያ ዓመት ሰካራም ያስተዳደርኩ ሴት ነኝ" አሉ። "ውሃ የጠማው ሰው አያቅተኝም።" የአንድ ወር ጊዜ ተሰጣቸው። ይህ በቃለ ጉባኤ አልተያዘም፤ ጓድ ሽፈራው እጃቸውን በትንሹ ወደ እኔ ሲያወዛውዙ አትጻፊው ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል።

እትዬ በለጡ በዚያው ሳምንት ከሰባቱ ግቢ አንድ አንድ ሰው ክፍላቸው ውስጥ ሰበሰቡ። እኔም ጥግ ይዤ ቆምኩ። ንግግር አላደረጉም። ለእያንዳንዱ ግቢ አንድ ቀን ሰጡት፤ ሰኞ የዚህ ግቢ፣ ማክሰኞ የዚያ ግቢ። በቀንህ ማለዳ ትከፍታለህ፣ ጭቃውን ትጠርጋለህ፣ ሲመሽ ትዘጋለህ፤ በቀንህ ከተበላሸ አንተው ታሠራለህ። በቃ። አንድ ሰው፣ የትናንቱ ተረኛ ያበላሸውን እኛ ላይ ቢያላክክስ ብሎ ጠየቀ። እትዬ በለጡ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁት እንደነበር ከፊታቸው ያስታውቃል። ዘወትር ማለዳ ርክክብ አለ አሉ። ተረካቢው ቧንቧውን ከፍቶ ይዘጋል፣ መዳፉን ከሥሩ ይዘረጋል፣ አባታችን ሆይ እስኪደገም ይጠብቃል። አንዲት ጠብታ መዳፉ ላይ ካረፈች አይረከብም።

ይህ አባታችን ሆይ ጓድ ሽፈራውን ትንሽ አስጨነቃቸው። በማግስቱ እትዬ በለጡን ለብቻ ጠርተው፣ የጊዜ መለኪያው ከዘመኑ ጋር የሚሄድ ቢሆን ምን ይመስልዎታል አሏቸው።

"መፈክሩንም ሞክሬው ነበር" አሉ እትዬ በለጡ። "አጭር ነው። ጠብታው አይደርስም።"

የቅዳሜው ግቢ ተረካቢ ሙስሊም ስለነበሩ በእሳቸው ቀን ፋቲሐ ይቀራል። ጠብታው ልዩነቱን አላወቀም።

እውነት ለመናገር እኔ ከወር አያልፍም ብዬ ነበር። ያሳለፈው የሮብና የሐሙስ ጠብ ነው። የሮብ ግቢ አስረካቢ አቶ ሐጎስ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ከጣሊያን ባለሙያዎች ጋር ቧንቧ ሲገጥሙ የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ማንም ሙያቸውን ስላልጠየቃቸው ያኮረፉ፣ ሲናደዱ በትግርኛ የሚያጉረመርሙ ሽማግሌ። የሐሙስ ግቢ ተረካቢ ወይዘሮ ፋንታዬ ናቸው። እሳቸው ደግሞ የሽንኩርት ገበያ ላይ ከነጋዴ ጋር ተከራክረው ተረትተው የማያውቁ ሴት ናቸው። አንድ ሐሙስ ማለዳ ወይዘሮ ፋንታዬ መዳፋቸውን ዘረጉ። "መንግሥትህ ትምጣ" ላይ ሲደርሱ አንዲት ጠብታ ጠብ አለች።

አቶ ሐጎስ አዩዋት። ጤዛ ነው አሉ።

ወይዘሮ ፋንታዬ ከቧንቧ ውስጥ የሚወርድ ጤዛ አይተው እንደማያውቁ ገልጸው እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉና አልረከብም አሉ። አቶ ሐጎስም ቀኔን ጨርሻለሁ ብለው ሊሄዱ ተነሱ። ሰልፉ ረዘመ። ሁሉም ወደ እትዬ በለጡ ዞረ። እሳቸው ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው የካፖርታቸውን አዝራር ይቆጥራሉ። እኔ ዳኛ አይደለሁም አሉ በመጨረሻ። ርክክብ እስካልተደረገ ድረስ ሐሙስ አልገባም። ሮብ ነው።

ረፋድ ላይ ጓድ ሽፈራው ሰልፉን በመስኮት አይተው ወረዱ። ውሃው ለምን እንደማይቀዳ ጠየቁ። ሮብ ስላላለቀ ነው ተባሉ። ዛሬ ሐሙስ መሆኑን፣ የሐሙስ ስብሰባ እየጠበቃቸው መሆኑን አስረዱ። እትዬ በለጡ በአክብሮት ከሳጥናቸው ተነሥተው፣ እርስዎ ቢሮ ሐሙስ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ግን ገና ሮብ ነው አሏቸው። ጓድ ሽፈራው ወደ ሐሙሳቸው ተመለሱ።

የሰባት ግቢ ሰው ባዶ ጀሪካን ይዞ አቶ ሐጎስን ይመለከታል። የሚሰድባቸው የለም፤ ዝም ብሎ መመልከት ብቻ ነው። ቀትር ሲቃረብ አቶ ሐጎስ በትግርኛ አንድ ነገር ብለው ቤታቸው ገቡና በጨርቅ የተጠቀለለ የድሮ መፍቻና ፒንሳ ይዘው ወጡ። ቧንቧውን ፈቱት። ውስጡ ያለው ጎማ አልቋል። ያኔ ጎማ ቀርቶ ምስማርም በፒያሳ ሱቆች አይገኝም ነበር። አቶ ሐጎስ ዙሪያውን ቃኙ፤ ወደ መሬት አዩ፤ ከዚያ የራሳቸውን ጫማ አዩ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና የግራ ጫማቸውን አውልቀው ከተረከዙ ላይ ክብ ጎማ ቆረጡ። ገጠሙት። ወይዘሮ ፋንታዬ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ አባታችን ሆይ አንዴ ተደገመ፣ ለማረጋገጥ ሁለተኛ ተደገመ። ደረቅ።

"እንኳን ለሐሙስ አደረሳችሁ" አሉ እትዬ በለጡ።

አቶ ሐጎስ ለብዙ ሳምንት ወደ ግራ ዘንበል እያሉ ይሄዱ ነበር። ግን ኩርፊያቸው ያን ቀን ለቀቃቸው። ፒያሳ ላይ ያገኙትን ሰው ሁሉ እያስቆሙ ያ ቧንቧ የእኔን ጫማ አድርጎ ነው የሚሄደው ይሉ ነበር። በኋላም ከየግቢው አንድ አንድ ሰው ጠርተው ጎማ መቀየር አስተማሩ፤ እኔም ተማርኩ። ከዚያ በኋላ ማንም ግቢ ርክክብ እስኪደርስ አልጠበቀም። ጠብታ ካለች በማታው ትጠገናለች፤ በሰባት ግቢ ዓይን መታየትን የሚፈልግ ሰው አልነበረም።

እትዬ በለጡ ስለ ሰው የሚሉት ነገር ነበራቸው። ሰው ክፉ አይደለም፣ ተረኛ ካልሆነ ግን ይተኛል ይሉ ነበር። ቡና ቤት ሳሉ ሰካራም እርስ በርሱ ሲደባደብ ጠበኛውን አስወጥተው አያውቁም፤ ገላጋይ ያደርጉት ነበር። ይህን የነገሩኝ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ከጎኔ ቁጭ ብለው ነው፤ የምጽፈውን ማንበብ ባይችሉም የብዕሬ ድምፅ ደስ ይላቸዋል።

ዓመታት አለፉ። በዙሪያችን ያሉ ቀበሌዎች ቦኖዎች አንድ በአንድ ደረቁ፤ የእኛ ይፈሳል። ወሬው ወደ ላይ ወጣና አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች አንድ የውጭ አገር ባለሙያ አስከትለው መጡ። አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ረጅም ሰውዬ ነው። ጥናቱ፣ በድሃ አገር የሚሠሩ የልማት ሥራዎች ተመርቀው ብዙም ሳይቆዩ ለምን እንደሚሞቱ ነው ተባለ። የእኛው ለምን እንዳልሞተ ሊጠይቅ መጥቷል።

ጓድ ሽፈራው ስለ ንቃት፣ ስለ መደራጀትና ስለ ትክክለኛ አመራር ግማሽ ሰዓት ተናገሩ። ባለሙያው አንድም ቃል አልጻፈም። ከዚያ ሳጥኑ ላይ ወደተቀመጡት ሴት ዞሮ በአስተርጓሚው በኩል ምስጢሩ ምንድን ነው አላቸው።

"ሐሜት" አሉ እትዬ በለጡ።

አስተርጓሚው ላብ አጠመቀው። ወጣት ነው፣ አለቆቹ አጠገቡ ቆመዋል። ብዙ አሰበና ረጅም ዓረፍተ ነገር ተናገረ። በኋላ ጠይቄው፣ በኅብረተሰቡ አባላት መካከል የሚደረግ ፈጣን የመረጃ ልውውጥ ብዬ ነው የተረጎምኩት አለኝ። ባለሙያው ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ምን ሥልጠና ወሰዱ ተብለው ሲጠየቁ ቡና ቤት አሉ። ይኼኛው ሳይተረጎም ቀረ። በመጨረሻ ሰውዬው ትንሽ አመንትቶ፣ እርስዎ አንድ ቀን ባይኖሩስ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። እትዬ በለጡ አልተቀየሙም። "የዚያን ቀን ተረኛው ግቢ ውሃውን ከፍቶ ለቅሶ ይመጣል" አሉ። ይህን ሲሰማ መጻፉን ትቶ ደብተሩን ዘጋ።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ጉብኝት በኋላ ነው። ከእኛ በላይ ያለው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት፣ ቦኖው ለሌሎች ተሞክሮ እንዲሆን በአዲስ መልክ እንዲደራጅ ወሰነ። ቦርሳ የያዘ አንድ ጓድ መጥቶ ውሳኔውን አነበበልን። ለቦኖው ዩኒፎርም ያለው ዘበኛ ይቀጠራል፣ ጓጉንቸር ይገባለታል፣ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ወርኃዊ ሪፖርት በሦስት ቅጂ ይቀርባል። እትዬ በለጡ በክብር የኮሚቴው ሊቀመንበር ተደርገዋል። እሳቸው አዳምጠው ሲጨርሱ ቦኖው ታሟል ወይ ብለው ጠየቁ። ባለቦርሳው ጓድ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ዘበኛው ደግ ሰው ነበር። ከገጠር የመጣ፣ ዩኒፎርሙ ሰፍቶት የሚንሳፈፍ፣ ፊሽካውን ከምንም በላይ የሚወድ። ማለዳ ጓጉንቸሩን ከፍቶ ይነፋል፤ ማታ ዘግቶ ይነፋል። እትዬ በለጡ በየሳምንቱ ወደ ኮሚቴ ስብሰባ ይጠራሉ። ርክክቡም ቀረ፤ ማን ለማን ያስረክባል? በሦስተኛው ሳምንት ቧንቧው መንጠባጠብ ጀመረ። ወይዘሮ ፋንታዬ አይተው አለፉ፤ ዘበኛ አለው አሉ። አቶ ሐጎስ አይተው አለፉ፤ ኮሚቴ አለው አሉ። እኔም አይቻለሁ። ጎማ መቀየር እየቻልኩ፣ መሳሪያውም በአምስት እርምጃ ርቀት እያለ፣ ሪፖርቱ ላይ ጽፌዋለሁ ብዬ አለፍኩ። ጠብታው ጅረት ሆነ፤ ጅረቱ ጭቃ ሆነ፤ አንድ ቀን እጀታው ተገነጠለና ውሃው ከዋናው መሥመር ተቆረጠ። መለዋወጫ በሦስት ቅጂ ጠየቅን። በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይታያል የሚል መልስ መጣ። ዘበኛው የደረቀውን ቧንቧ ቆልፎ መጠበቁን ቀጠለ።

ሴቶቹ እንደ ድሮው ጀሪካን ተሸክመው ወደ ጎረቤት ቀበሌ ተመለሱ። የወይዘሮ ፋንታዬ ትልቋ ልጅ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ዝናብ ባራሰው ቁልቁለት ላይ ከነጀሪካኗ ወደቀች። ደግነቱ እሷም ልጇም ተረፉ፤ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ማንም ሰው ይህን እርግጠኛ ሆኖ ሊናገር አልቻለም። እትዬ በለጡ ሁለቱንም ቀን ሆስፒታል በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲመለሱ ቢሮ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ያን ቀን ነው ሲናደዱ ያየኋቸው፤ የካፖርታቸውን አንድ አዝራር በጥሰው ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት።

በሳምንቱ ባለቦርሳው ጓድ ጥፋተኛውን ለመለየት ጠቅላላ ስብሰባ ጠራ። ተሞክሮ ይሆናል ብሎ ለበላዮቹ ጽፎ ነበርና ተቆጥቷል። በር ላይ አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል። ያኔ ከስብሰባ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ያልተመለሰ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። የኮሚቴዋ ሊቀመንበር ተነሥታ ግለሂስ ታድርግ ተባለ። እትዬ በለጡ ተነሡ። እኔ ስማቸውን ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩ።

"ጓዶች፣ ጥፋተኛ ነኝ" አሉ። "ይህ ቦኖ ይህን ያህል ዓመት ያለ ኮሚቴ ሲሠራ ዝም ብዬ አይቻለሁ። ሲንጠባጠብ ለበላይ አካል ሳላሳውቅ በሰው ጫማ አስጠግኛለሁ። ያለ ፈቃድ ሐሙስን እስከ ቀትር ሮብ አድርጌአለሁ።" አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁ አምልጦት በሳል ሸፈነው። እትዬ በለጡ አልሳቁም። "ይህ ሁሉ ቀላል ነው። የባሰው ጥፋቴ ዘበኛው የመጣ ቀን፣ እንግዲህ ምን አገባኝ ማለቴ ነው። ጠብታዋን አይቻታለሁ። አይቼ ስብሰባ ሄድኩ። ያቺ ልጅ የወደቀችው እኔ ስብሰባ ላይ ሳለሁ ነው።"

ተቀመጡ። ከዚያ አቶ ሐጎስ ከኋላ ተነሡ፤ ጎማውን መቀየር እየቻልኩ ኮሚቴ አለው ብዬ አልፌአለሁ፣ ጥፋተኛ ነኝ አሉ። ወይዘሮ ፋንታዬ ተነሡ፤ በገዛ ልጄ ላይ ነው የጨከንኩት ብለው ሊቀጥሉ አልቻሉም። ሌላው ተነሣ፣ ሌላው ተከተለ። ዘበኛው ሳይቀር ፊሽካውን አውልቆ፣ እኔ ጓጉንቸሩን እንጂ ቧንቧውን ጠብቅ ያለኝ የለም አለ። ጓድ ሽፈራው ሰዉን እያዩ ቆዩና በመጨረሻ እሳቸውም ተነሡ። ቢሮዬ መስኮት አለው አሉ።

ባለቦርሳው ጓድ ጥፋተኛ ፍለጋ መጥቶ የሰባት ግቢ ጥፋተኛ ተሰለፈለት። ሁሉንም እንዳያስር ብዙ ናቸው፤ አንዷን ለይቶ እንዳያስር ሁሉም እኩል ተናዝዘዋል። እንዲህ ያለ በፈቃደኝነት የተደረገ ግለሂስ ደግሞ በየትኛውም ስብሰባ አይቶ አያውቅም። ጥቂት አሰበና፣ በቃለ ጉባኤ ተይዞ የማሻሻያ ሐሳቡ ይቅረብልኝ ብሎ ቦርሳውን ዘጋ።

ማሻሻያ ሐሳብ ያቀረበ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ ግን አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። ነዋሪው ራሱን በሰባት የልማት ጓዶች አደራጅቶ ቦኖውን በየዕለቱ ተራ እንዲያስተዳድር፣ በጓዶቹም መካከል ዕለታዊ ርክክብ እንዲፈጸም፣ የርክክቡም የጊዜ መለኪያ በአካባቢው ነባራዊ ሁኔታ እንዲወሰን ጉባኤው በአንድ ድምፅ ተስማምቷል ብዬ ጻፍኩ። ጓድ ሽፈራው አነበቡት። ነባራዊ ሁኔታ የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ትከሻዬን ለኩ። ከዚያ ማኅተሙን አንሥተው መቱበት። ወረቀቱ ወደ ከፍተኛው ሄዶ ጸድቆ፣ ተደንቆ ተመለሰ። ዘበኛው የቀበሌውን ሱቅ እንዲጠብቅ ተዛወረ፤ እዚያ ፊሽካው ብዙ ጠቀመ። ጓጉንቸሩን አቶ ሐጎስ ለዶሮ ቤታቸው ወሰዱት። እጀታውንም እሳቸው ከየት እንዳመጡት ሳይናገሩ አመጡና ገጠሙ፤ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ውሃውም ከዋናው መሥመር ተለቀቀ።

አንቀጹን ለእትዬ በለጡ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና አንድም ቃል አልገባኝም፣ ግን አላበላሸሽውም አሉኝ። ከተቀበልኳቸው የምስክር ወረቀቶች ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት አላወራም። ውሃው ይፈስ ነበር፤ ሌላው ነገር ሁሉ ግን እየባሰ ሄደ። በመጨረሻ ያ መንግሥት ሊወድቅ ሲል ከተማው ውስጥ ተኩስ ይሰማ ነበር። የቀበሌው ቢሮ ተዘጋ፤ ሹማምንቱ ካኪያቸውን አውልቀው ጠፉ። እኔ ቤቴ ሥላሴ አካባቢ ነው። የሥራ ቀን ነበርና፣ የት እንደምሄድ ባላውቅም እግሬ ለምዶ ወደ ዶሮ ማነቂያ አመጣኝ። ሱቆቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። ቦኖው ጋ ስደርስ ሰው ቆሟል፤ የትናንቱ ግቢ ለዛሬው ግቢ እያስረከበ ነው። እየሮጥኩ ሄጄ መንግሥት እኮ የለም አልኳቸው። እትዬ በለጡ ሰምተዋል። ድምፄን ዝቅ እንዳደርግ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ ጸሎቱ አላለቀም።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ጋቢ የተከናነበ ሰው አዲስ ጀሪካን ይዞ ከጥጉ ብቅ አለ። ጓድ ሽፈራው ናቸው። ቤታቸው ከሰባቱ ግቢ በአንዱ፣ በእሁዱ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሊቀመንበር ስለሆኑ ግን ተራ ገብተው አያውቁም፣ ውሃም ሰው ነው የሚቀዳላቸው። አሁን የሚቀዳላቸው ሁሉ ትቷቸው ሄዷል። በእሳቸው ዘመን ወንድሙ የታሰረበት አንድ ወጣት ከመሥመር ወጥቶ ወደ እሳቸው መራመድ ጀመረ። ጓድ ሽፈራው ቆመው ጠበቁት፤ አልሸሹም።

እትዬ በለጡ ከሳጥናቸው ሳይነሡ ለወጣቱ ተናገሩ። "ልጄ፣ ያንተን ነገር አውቀዋለሁ። እኔም ቤት ነበረኝ። እዚህ ግን ውሃ ብቻ ነው የሚቀዳው።"

ወጣቱ ቆመ። ከዚያ ወደ ጀሪካኑ ተመለሰ።

"አቶ ሽፈራው" አሉ እትዬ በለጡ። ያን ቀን ነው ጓድ ሳይባሉ ሲጠሩ የሰማሁት። "መጨረሻው እዚያ ነው፤ ከወይዘሮዋ ኋላ ይቁሙ።"

ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ እጀታው ወዴት እንደሚዞር ስላላወቁ ቧንቧው አልከፈት አላቸው። እትዬ በለጡ ሄደው እጃቸውን በእጃቸው ላይ ጭነው አዞሩላቸው። ጀሪካኑ ሞላ። አቶ ሽፈራው አነሡት፣ መልሰው አስቀመጡት፣ እንዲህ ይከብዳል እንዴ አሉ፤ ለራሳቸው ነው የተናገሩት። ሴቶቹ ሳቁ። በዚያ ሳምንት ሰው ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። እሳቸውም ሳቁ መሰለኝ፤ ጋቢው ስለሸፈናቸው በደንብ አልታየኝም።

ሊሄዱ ሲሉ እትዬ በለጡ ጠሯቸውና የእሁድ ግቢ ሰው እንዳነሰው፣ እንግዲህ ሥራ ስለሌላቸው በተራቸው እንዲገቡ ነገሯቸው።

እሁድ ማለዳ መጡ። መጥረጊያ ሳይዙ ስለመጡ እትዬ በለጡ መልሰው ላኳቸው።